የሳጥኑ ግማሽ

ይቅር በል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነገሩን ሳይሰሙ ይቅር በል የሚሉኝን ደግሞ ጭራሽ አልወዳቸውም። ይህን የምጽፈው ቂሜን ለመፍታት አይደለም። ቂሜ ደህና ነው፣ ተመችቶታል። የጊታሬን ግማሽ ድምፅ ወስዶብኝ በሰው ፊት ይመሰገንበት የነበረውን ሰው እንዴት እንደተበቀልኩት ለመናገር ነው። በቀሌ ባቀድኩት መንገድ አልሄደም፤ ግን ደረሰ።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ልናገር፤ ያለዚያ በደሉ አይታይም። ንጉሡ ሳይወርዱ ጀምሮ ፒያሳ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ከባንድ ጋር ጊታር እጫወት ነበር። ሁለት አምፕሊፋየር ነበረኝ። አንደኛውን አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ ግሪክ ገዛሁት፤ ሌላውን ሆቴሉ አዲስ ሲያስመጣ ለእኔ ተወልኝ። የስፒከር ሳጥን ግን የነበረኝ አንድ ብቻ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚሠራ አናጢ ከዋንዛ ጣውላ የገጣጠመልኝ፣ አራት ስፒከር የተሸከመ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ነበር። ሁለት ሰው ካልያዘው ከመሬት አይነሳም።

ሁለት አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን ማጫወት ይቻላል። ሳጥኑን ግን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። የግራዎቹ ሁለት ስፒከሮች ለአንደኛው፣ የቀኞቹ ሁለት ለሌላው ይሆናሉ፤ ሽቦዎቻቸው ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ አንደኛው ኃይሉን ወደ ስፒከሩ መላኩን ትቶ ወደ ባልንጀራው ይልክና ያቃጥለዋል። እኔ መሐሉን በጣውላ ከፍዬ፣ ከጀርባው ሁለት መሰኪያ አበጅቼለት ነበር። ከጊታሬ የሚመጣውን ሽቦም በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ለሁለት እከፍለውና አንዱን ወደ ግራው፣ አንዱን ወደ ቀኙ አምፕሊፋየር እሰድዳለሁ። ግራው ድምፁን እንዳለ ያወጣዋል፤ ቀኙ እያንቀጠቀጠ ያወጣዋል። ጊታሩ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ሳጥኑ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። በባቲ ቅኝት ስጫወትበት እራት የሚበላው ሰው ሹካውን አስቀምጦ ዞር ይላል። መልኬን የማያውቅ ሰው በዚያ ድምፅ ያውቀኝ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም፤ ትምህርቴንም ጥዬ የወጣሁት ለሱ ስል ነው።

አብዮቱ ከመጣ በኋላም ጥቂት ጊዜ ቀጠልን። ኋላ ሰዓት እላፊው ሆቴሉን ባዶ አደረገውና ባንዱ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም በቀበሌው ነዋሪ እጅ ያለ የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ እንዲቀርብ አዘዘ። ሁለቱ አምፕሊፋየሮቼና ሳጥኔ በጋሪ ተጭነው ቀድሞ የአንድ ባላባት መኖሪያ ወደነበረው፣ በኋላ ወደ ተወረሰው አዳራሽ ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ምን ላድርግ? ዕቃዬ ያለበት ቦታ ካልሆነ የት እሄዳለሁ?

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር። ጥሩ ልብስ ሰፊ እንደነበር አልክድም፤ ያን ቀን የለበስኩትን ሱሪ የሰፋልኝ ራሱ ነው። መቀሱን ጥሎ ሽጉጥ ከታጠቀ በኋላ ግን የማያውቀው ሙያ ጠፋ። ሳጥኔን ከጀርባው ከፍቶ ሲያይ መሐል ላይ የገባችውን ጣውላ አገኛት።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“መለያያ ናት ጓድ ሊቀመንበር። የግራውንና የቀኙን ትለያለች።”

“በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚለያይ ነገር የለም። ሁለቱን ኃይል አንድ ላይ አድርገው፣ እጥፍ ይሆናል።”

“ይቃጠላል ጓድ ሊቀመንበር።”

“እያስፈራራኸኝ ነው?”

እያስፈራራሁት አልነበረም፤ እየለመንኩት ነበር። አንድ የቀበሌ ሰው ጣውላዋን በመዶሻ መትቶ አወጣት፤ የአራቱንም ስፒከር ሽቦ በአንድ ጠመዘዘና ሁለቱን አምፕሊፋየር አብርቶ ድምፃቸውን ከፍ አደረገው። ጭሱ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ቀኙ ነበር የተቃጠለው፤ የሚያንቀጠቅጠው፤ የምወደው። አዳራሹ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሊቀመንበሩ ጭሱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ “አሻጥር ነው” አለ።

የታሰርኩት የባላባቱ የዕቃ ግምጃ ቤት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ትቆም ነበር። በዚያ ዘመን የታሰረ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ሁሉም ያውቃልና የእኔን ጥቂት ቀን እስር በደል ብዬ ከሌሎች ጋር አላወዳድርም። ግን አስበው፤ አትንኩት ይቃጠላል ብለህ፣ ነክተውት ሲቃጠል የምትታሰረው አንተ ነህ። የፈቱኝም የተቃጠለውን እንድሠራ ነው። ሽቦውን ጠምጥሜ፣ ጣውላዋን ወደ ቦታዋ መልሼ፣ ሳጥኑን እንደገና ለሁለት ከፈልኩት። ሊቀመንበሩ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሁለቱም ሲሠሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “አየህ፣ ስትፈልግ ይሠራል” አለኝ። አንጀቴ እርር አለ። ቂሙን የቋጠርኩት ያን ቀን ነው።

ይህ ግን መጀመሪያው ነበር። ዋናው ሰው ገና መምጣቱ ነው።

ሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ነበረው። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ቁመናው ያማረ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ ልጅ ነው። ጊታር ከያዘ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው፤ አያያዙን ሲያዩት ያምራል፣ ሲነካው ግን ድመት ቆርቆሮ ላይ የሄደች ይመስላል። ሊቀመንበሩ ጠርቶ አስቀመጠኝና ነገሩን እንዲህ ሲል ቆረጠው።

“አንተ የመጠጥ ቤት ሰው ነህ። ጸጉርህን አጎፍረሃል፣ ሰውም ያውቅሃል። የጭቁኑ ሕዝብ ኪነት ፊት ለፊት አንተን አያቆምም። ከፊት የሚቆመው እሱ ነው።”

“እሱ መጫወት አይችልም እኮ ጓድ ሊቀመንበር።”

“አንተ ትችላለህ። ድምፁ ካንተ፣ መልኩ ከሱ ይሁን። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ ደግሞ አንተ ወደዚያኛው ክፍል ትገባለህ።” በአገጩ ወደ ግምጃ ቤቱ አመለከተ።

እንዴት እንደሚሆን ያሰበው ራሱ ነው። ሳጥኔ አንድ በመሆኑ ተመቸው። ግራው አምፕሊፋየር ለእኔ ሆነ፤ ቀኙ ለእህቱ ልጅ ተሰጠ። የሁለታችንም ድምፅ ከአንድ ሳጥን ስለሚወጣ ማን እንደተጫወተ ከፊት የተቀመጠ ሰው ሊለይ አይችልም። ከመድረኩ በስተኋላ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ይዘረጋል። እኔ ከጨርቁ ኋላ፣ ከአምፕሊፋየሮቹ ጎን፣ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ልጁ ከፊት ይቆማል። የሱ አምፕሊፋየር ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ግን ዜሮ ላይ ነው። እሱ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ እጫወታለሁ፣ ሳጥኑ ይዘፍናል። የቡድኑ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁሉም አፋቸውን ይዘዋል። የመድረክ ሥራውን ጨርሼ ከጨርቁ ኋላ ስወጣ የሚያየኝ ሰው ሽቦ የሚያስተካክል ሠራተኛ ያደርገኝ ነበር።

አንድ ጊታር በሁለት አምፕሊፋየር እጫወት የነበርኩት ሰው፣ አሁን ግማሽ ሳጥን ቀረኝ። ያ የሚመላለሰው ድምፅ ጠፋ። የሚያንቀጠቅጠው ቀኝ በአጠገቤ ዝም ብሎ መብራቱን አብርቶ ይቀመጣል፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ፤ ግን የእኔ አይደለም።

ሌላ ጣጣም መጣ። ልጁ ጣቱን ያለቦታው ካንቀሳቀሰ ጊታር የሚያውቅ ሰው ይነቃብናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሶሎ ጣቱ በትክክል እንዲከተል ማስተማር የእኔ ሥራ ሆነ። አስተማርኩት። በፍቅር አይደለም። ጣቱ ጫፍ ላይ እስኪቆስል ድረስ አንዱን ቦታ ደጋግሜ አስጨበጥኩት፤ ሲያርፍ “አይሆንም፣ ከላይ” እለው ነበር። ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። አንድ ቀን እንኳ ቢያኮርፍ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢያንስ እጄን ቢገፋው ደስ ይለኝ ነበር። አይሰድብም። “እሺ ወንድሜ” ይላል። ደግ ሰው መጥላት ምን ያህል እንደሚያደክም የማያውቅ ሰው እኔን አይፍረድብኝ።

ዝናው ወጣለት። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ ያሉ ቀበሌዎች የሱን ሶሎ ለመስማት ይመጡ ጀመር። ልጃገረዶች ፒያሳ ባለው ኬክ ቤት በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ባንኮኒው ላይ ማኪያቶውን አስቀምጦ ሰው ሲያመሰግነው አንገቱን ደፋ አድርጎ “ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ” ይላል። እውነቱን ነበር የሚናገረው! ሰው ግን ትሕትና አድርጎ ወሰደለትና ይባስ ብሎ ወደደው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የእናቴን ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቿን አስከትላ አዳራሹ ገባች። እኔ ከጨርቁ ኋላ ሆኜ አላየኋትም። ያን ቀን በባቲ የተጫወትኩትን ሶሎ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ፤ ከሆቴሉ ወዲህ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ቤት ስገባ ነጠላዋን እያጠፈች ጠበቀችኝ።

“አንተ፣ ያንን ልጅ አየኸው? ጣቱን እግዜር ይባርከው! አንጀቴን ነው የበላው።”

“አየሁት” አልኳት።

“አንተ ስንት ዘመን በዚህ ነገር ትለፋ የለ? ሂድና ተማርበት እንጂ። መማር እኮ ነውር አይደለም።”

 ብነግራት ለጎረቤት ትነግራለች፣ ከጎረቤት ቀበሌ ይደርሳል። የወለደችኝ ሴት በእኔ ጣት አልቅሳ ሌላ ሰው መረቀች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ሊቀመንበሩን በዚያው ሰዓት ረሳሁት፤ ሙሉ ቂሜን ወደ ልጁ አዞርኩት። ይህን ልጅ ከዚያ መድረክ ሳላወርደው ብሞት ዐፈሩ አይበላኝም አልኩ።

ቀኑ መጣ። በአካባቢው ያሉ የቀበሌ የኪነት ቡድኖች ውድድር ተዘጋጀ። በየመሣሪያው የተሻለው ተጫዋች ተመርጦ በመንግሥት ደመወዝ ወደ ትልቁ ቡድን ይገባል ተባለ። ሊቀመንበሩ ልምምድ ላይ መጥቶ የእህቱን ልጅ አቀፈና እንዲህ አለ፦

“ተመርጦ ሲሄድ ባዶ እጁን አንሰደውም። ቀኙን አምፕሊፋየር ይዞ ይሄዳል። የቀበሌያችን ስጦታ ነው።”

የቀበሌያችን ስጦታ! ከግሪኩ የገዛሁት፣ አቃጥለውብኝ እንደገና የሠራሁት የእኔ አምፕሊፋየር። አሁን ገባችሁ? እኔ በደንብ ከተጫወትኩ እሱ ይመረጣል፤ እሱ ከተመረጠ ዕቃዬ አብሮት ይሄዳል፤ ያ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ሆን ብዬ ባበላሽ ደግሞ እኔው እንዳበላሸሁ ሊቀመንበሩ ያውቃል፣ ግምጃ ቤቱም አለ። ብዙ አሰብኩና አንድ መንገድ አገኘሁ። እኔ ምንም አላበላሽም። ዝም እላለሁ። የሱን ድምፅ ከፍ አደርግና ሕዝቡ ልጁን ራሱን ይስማው። የተባረከ ጣቱን ይስሙለት።

ለዚህም አምፕሊፋየሩን አዘጋጀሁት። ቀኙ እንዳያንቀጠቅጥ ቁልፉን ዘጋሁ፤ ድምፁን ከግራው ጋር እስኪመሳሰል አስተካከልኩት። ሰው የለመደውን ድምፅ እየሰማ ሳለ ልጁ ዘጭ ብሎ ሲወድቅ እንዲታይ ፈለግሁ። ሶሎው መሐል ላይ ሁላችንም መጫወት አቁመን ከበሮ ብቻ የሚቀርበት ቦታ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው፣ በጣም ከባዱ ክፍል ይመጣል። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች የማዞረው በከበሮው ጊዜ ነው። ሲዋረድ “ሽቦው ተነቃነቀ” እላለሁ፤ ከአንድ ሳጥን የሚወጣን ነገር ማን ይለየዋል? ለዚህ የፈጠሩት ተንኮል ለእነሱው ይሁናቸው አልኩ።

ውድድሩ የተደረገው ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ዳኞቹ ካኪ ለብሰው ከፊት ረድፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ከኋላቸው፣ እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር መሐል ላይ። በጨርቁ ቀዳዳ ሁሉንም አያቸዋለሁ።  እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ መድረክ ወጥቼ አላውቅም።

የሶሎውን መግቢያ አሳመርኩት፤ ሲወድቅ ከከፍታ እንዲሆን። ከበሮው ብቻውን ቀረ። እጄን ከክሩ አንስቼ የግራውን ቁልፍ ወደ ዜሮ፣ የቀኙን ወደ ላይ አዞርኩ። ጊታሬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ክንዴን አጣጠፍኩ። ጩኸቱንና ሳቁን ጠበቅሁ።

ሶሎው ወረደ።

ከላይ ወደ ታች፣ አንድም ሳይጓደል ወረደ። መጀመሪያ ቁልፉን ተሳስቼ ያዞርኩ መሰለኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልተሳሳትኩም። ግራው ዜሮ ላይ ነው። ጊታሬ ጭኔ ላይ ነው። የምሰማው እሱን ነው። የእኔን ሶሎ፣ እኔ ባስተማርኩት ጣት፣ እኔ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ትንሽ ዘግይቼ የማርፍባትን ልማድ እንኳ ሳያስቀር ይጫወታል። ያቺን መዘግየት አላስተማርኩትም። ሰምቶ ነው የወሰዳት። ጣቱ እስኪቆስል ያሠራሁት ይህንን ነበር? ለማስመሰል ያልኩት ልጅ ተጫዋች ሆኖ ነበር፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ ስለነበረ እኔም አላወቅሁ፣ ማንም አላወቀም።

ማቆም እችል ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ቁልፉን መመለስ። አልቻልኩም። ያምር ነበር። ይህን መጻፍ ጥርሴን የማስነቀል ያህል ያመኛል፣ ግን ያምር ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ ዳኞቹ ሲነሱ፣ እናቴ እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ በቀዳዳዋ አየሁ። ሁሉም ባንድነት የሚጫወትበት መዝጊያ ሲደርስ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩና ጊታሬን አነሳሁ።

መጋረጃው እንደተዘጋ ልጁ እየሮጠ ከጨርቁ ኋላ መጣ። በላብ ርሷል። ገባው ብዬ ተነሳሁ፤ ሊጮህብኝ ወይ ሊያመሰግነኝ ነው አልኩ። አንገቴን አቅፎ ትከሻዬን ሳመኝ።

“ወንድሜ፣ ዛሬስ ተለየህ! ምን አድርገህ ነው እንዲህ የተጫወትከው? ጣቴ ካንተ ጋር እኩል ሄደ እኮ! ድምፅህ ከጣቴ የሚወጣ መሰለኝ።”

አላወቀም። ከሁለት ዓመት በላይ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ከኋላው ሳጥን የሌላ ሰው ድምፅ መስማት ለምዶ፣ ያን ቀን የራሱን ሲሰማ የእኔ መሰለው። እዚያው ቆሜ አየሁት።  ከሸፈ ያልኩት በቀሌ ገና አለመጀመሩ ገባኝ።

“ጥሩ ነበር” አልኩት።

ተመረጠ። ሊቀመንበሩ ድግስ ደገሰ። ከድግሱ በኋላ ባለው ሳምንት ልጁ ቤቴ መጣ። እናቴ በደስታ ልትሞት ምንም አልቀራት፤ ወንበሩን በነጠላዋ ጠረገችለት። ሻይ አቅርባልን ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር ጀመር። ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

“እዚያ የራሳቸው ሳጥን፣ የራሳቸው ሰው አላቸው አሉ። ከኋላ የሚቀመጥልኝ የለም። ካልመጣህልኝ አለቀልኝ። እባክህ አብረኸኝ ሂድ፤ ለአጎቴ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያስፈቅድልሃል።”

“አልሄድም።”

አልተቆጣም። እንደ ልማዱ “እሺ” አለ። ሻዩን አላነሳውም። ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው።

“እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤት ስለማመድ፣ ያለ አምፕሊፋየር፣ አንዳንዴ የምጫወት ይመስለኛል። ራሴን እያታለልኩ ይሆናል። አንተ ታውቃለህ፣ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። እውነቱን ንገረኝና ይውጣልኝ። ብቻዬን ብወጣ እችላለሁ?”

ዓይኑን ዓይኔ ውስጥ ተክሎ ይጠብቃል። ከጓዳ የእናቴ የዕቃ ድምፅ ይሰማል። ጭሱን አሰብኩ፤ የግምጃ ቤቱን በር አሰብኩ፤ ቀይዋን ጨርቅ፣ ዱካዋን፣ “ጣቱን እግዜር ይባርከው” የተባለውን። በአንዲት ቃል ሰው ላደርገው እችል ነበር።

“አትችልም” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ተነሳና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። “ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ” ብሎ ወጣ።

አልሄደም። እጄን አሞኛል ብሎ ለአጎቱ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ተቆጣ፣ ጠረጴዛ መታ፣ ምንም አላመጣም። ልጁ ጊታሩን ለቀበሌው መልሶ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። ከፊት የሚቆም ሲጠፋ እኔም ከጨርቁ ኋላ ተነሳሁ፤ ቡድኑ ያለ ሶሎ ተዳከመ። ኋላም ለቀበሌው አዲስ መሣሪያ ሲታደል “ይህን አሮጌ ውሰድልን” ተባልኩና ሳጥኔንና ሁለቱን አምፕሊፋየር ባመጣቸው ዓይነት ጋሪ ወደ ቤቴ መለስኩ። ለሁለት ከፍዬ፣ ግራና ቀኙን አብርቼ፣ በባቲ ስጫወት ድምፁ እንደ ድሮው ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ማኪያቶ ስጠጣ እሱ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ገባ። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ባልደረቦቹን እየጎተተ አመጣቸው።

“ተዋወቁት! የኪነቱን ጊዜ ሁልጊዜ የምነግራችሁ ሰው ይኼ ነው። የሚጫወተው እሱ ነበር፤ እኔ እኮ ጣቴን ነበር የማንቀሳቅሰው።” ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ። ለመሳቅ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት አላውቅም። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ወደ እነሱ ዞረ። “በተለይ የውድድሩ ቀን! አቤት ያን ቀን የተጫወተው! እኔ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ጊታር አልሰማሁም።”

ባልደረቦቹ በአድናቆት አዩኝ። አንደኛው እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩትና ጨበጥኩት፤ አንገቴን ደፋ አድርጌም “ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ” አልኩ።

የማኪያቶውን እኔ ልክፈል አለ። ተው አላልኩትም፣ አስከፈልኩት።